ካልኩሌተሩ አልዋሸም፤ ግን ምን አረጋገጠ?

«ቫሊድ ነው!»

ይህች ቃል የትሬዲንግ ልጆች አሜን ናት። ቻርት ላይ አምስት ነጥብ ያገናኛሉ፣ ቁጥሮቹን ካልኩሌተር ውስጥ ይከትታሉ፣ አረንጓዴ ምልክት ትበራለች፤ አለቀ። «ጋርትሊ ነው፣ ቫሊድ!» ከዚያ በኋላ የሚቀረው መግዛት ወይም መሸጥ ነው። መጠራጠር ካልኩሌተሩ ሳይመጣ በፊት የነበረ የድሮ ልማድ ሆኖ ቀርቷል።

ቃሏ ቦሌና ፒያሳ ላይ ብቻ አልቆመችም። ስልክና ዳታ ያለበት ሁሉ ትደርሳለች። ጭሮ አለች፣ ሚኤሶ አለች፣ ቦርደዴም አለች። ቦርደዴን ለማታውቁ፦ ከአዋሽ ወደ ሚኤሶ ስትሄዱ ዋናው መንገድ የሚያልፍባት፣ ወደ ድሬዳዋና ጅቡቲ የሚመላለስ የጭነት መኪና የማይጠፋባት የምዕራብ ሐረርጌ ከተማ ናት። ፍየልና ከብት፣ ሲብስም ግመል፣ የኑሮ መሠረት የሆነበት አካባቢ ነው። እንግዲህ እዚያ ቁጭ ብሎ የዩሮና የዶላርን ጠብ በአምስት ነጥብ የሚፈታ ወጣት አለ ማለት ነው። ይህን የምለው ለመሳለቅ አይደለም። ሥራ አጥቶ በስልኩ ውስጥ መውጫ የሚፈልግ ልጅ ላይ የሚስቅ ሰው የሳቅ ችግር አለበት።

ጠቤ ከልጁ ጋር አይደለም። ጠቤ «አረጋገጠ» ከምትለዋ ቃል ጋር ነው። ክርክሬ አንድ ነው፤ የሃርሞኒክ ፓተርን ካልኩሌተር የሚያረጋግጠው የራሳችሁን ሒሳብ ነው። ንግዱን አያረጋግጥም። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው ግን እዚያችው ትንሽ ልዩነት ውስጥ ነው።

(ዓመቶቹን በፈረንጅ እቆጥራለሁ፤ ቻርቱም የፈረንጅ ነውና። በእኛ ስቆጥር እናገራለሁ።)

መጀመሪያ ለካልኩሌተሩ ፍትሕ እንስጠው

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው። ሃርሞኒክ ፓተርን ማለት አምስት ነጥብ ነው፦ ኤክስ፣ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ። ዋጋ ከኤክስ ተነስቶ ወደ ኤ ወጣ እንበል። ከዚያ ወደ ቢ ወረደ፣ ትንሽ አገግሞ ወደ ሲ ወጣ፣ እንደገና ወደ ዲ ወረደ። ቅርጹ የእንግሊዝኛውን «ኤም» ይመስላል። ካልኩሌተሩ የሚሠራው የእግሮቹን ርዝመት እርስ በርስ ማካፈል ነው። ከኤ ወደ ቢ የወረደው ከኤክስ ወደ ኤ የወጣውን 0.618 ያህል ከሆነ፣ ዲ ደግሞ 0.786 ላይ ካረፈች «ጋርትሊ» ይባላል። ቢ ከ0.382 እስከ 0.5 ባለው ውስጥ ሆና ዲ 0.886 ላይ ከወደቀች የሌሊት ወፍ (ባት) ነው። ቢ 0.786፣ ዲ 1.27 ከሆኑ ቢራቢሮ ነው። ዲ እስከ 1.618 ከሄደች ሸርጣን (ክራብ) ነው። አራዊቱ ሁሉ አንድ ተስፋ ይሰጣሉ፦ ዲ ላይ ዋጋው ይዞራል።

መካፈሉን ካልኩሌተሩ በትክክል ይሠራዋል። በእጅ ከመሥራት ያድናል፣ ዲ የት ልታርፍ እንደምትችል አስቀድሞ ይነግራል፣ «በዓይኔ ይመስለኛል» የሚለውን ግምትም በቁጥር ይተካል። ይህን የሚክድ ሰው ቂመኛ ነው። ከዚህ በላይ የሚለጥፍለት ግን ሻጭ ነው።

የዘር ሐረጉንም እንይ። ጋርትሊ ሰው ነው፤ ሃሮልድ ማኪንሊ ጋርትሊ ይባላል። በ1935 በአሜሪካ ስለ አክሲዮን ገበያ ባሳተመው መጽሐፍ ገጽ 222 ላይ ነው ቅርጹ ያለው። እዚያ ገጽ ላይ ግን ዛሬ ካልኩሌተሩ የሚፈትናቸው የፊቦናቺ ቁጥሮች የሉም! ቅርጹን ብቻ ነው ያሳየው። ቁጥሮቹን ያስገቡት ከስልሳ ዓመት በኋላ የመጡት እነ ላሪ ፔሳቬንቶና ስኮት ካርኒ ናቸው። ካርኒ መጽሐፉን በ1999 አወጣ፤ ሸርጣኑን በ2000፣ የሌሊት ወፏን በ2001 ጨመረ። ፊቦናቺ ራሱ በ1202 መጽሐፉን ሲጽፍ የቆጠረው ጥንቸል ነበር። ከእሱ ተከታታይ ቁጥሮች የሚወጣው 0.618 ነው። 0.786 የ0.618 ስኩዌር ሩት ነው፤ 0.886 ደግሞ የ0.786 ስኩዌር ሩት። ማለትም አንዱ ቁጥር አልበቃ ሲል ልጅና የልጅ ልጅ ተወለደለት ማለት ነው።

የኋላ ታሪኩ አጭር መሆኑ ብቻውን ስህተት አያደርገውም። «የተፈጥሮ ሕግ ነው» ብሎ የሚሰብክ ሲመጣ ግን ሕጉ የወጣበትን ዓመት መጠየቅ መብት ነው።

ኤክስን ማን መረጣት?

አሁን ወደ ዋናው እንግባ። አንድ ምሳሌ በቁጥር።

ዩሮ በዶላር። ኤክስ 1.1000፣ ኤ 1.1200። ልዩነቱ 200 ፒፕ ነው (ፒፕ ማለት ከነጥብ በኋላ ያለችው አራተኛ አሃዝ ናት)። ከዚያ ዋጋው 124 ፒፕ ወርዶ ቢን 1.1076 ላይ አደረገ። 124 ለ200 ሲካፈል 0.62። ካልኩሌተሩ አረንጓዴ አበራ፦ ጋርትሊ፣ ቫሊድ። ዲ 1.1043 አካባቢ ትጠበቃለች።

ይሁንና ያች ኤክስ የካንድሉ ጥላ ጫፍ ነበረች። የካንድሉ ገላ ያበቃው 1.1020 ላይ ነው እንበል። ጥላው የአንዲት ደቂቃ ድንጋጤ ነው ብሎ ከገላው የሚለካ ትሬደር አለ፤ እሱም ምክንያት አለው። እንደ እሱ እንለካ። ከኤክስ እስከ ኤ 180 ፒፕ ሆነ። 124 ለ180 ሲካፈል 0.69። ካልኩሌተሩ ቀይ አበራ። ጋርትሊ የለም። ቢራቢሮም አይደለም፣ የሌሊት ወፍም አይደለም። አውሬው ተነነ።

ገበያው አልተለወጠም። ዩሮም ዶላርም የት እንደነበሩ ናቸው። የተለወጠው የጣትህ ማረፊያ ነው፤ 20 ፒፕ። ካልኩሌተሩ «ኤክስህ ልክ ናት ወይ?» ብሎ አይጠይቅም። የሰጠኸውን ይቀበላል፣ ያካፍላል፣ ይመልስልሃል። እና አንተ የመረጥከውን ነጥብ ለራስህ መልሶ ሲሰጥህ «ተረጋገጠልኝ» ትላለህ። መስታወት ፊት ቆሞ ሁለት ምስክር አለኝ እንደማለት ነው።

ሌላም አለ። የውጭ ምንዛሪ ገበያ እንደ አክሲዮን ገበያ አንድ ማዕከል የለውም። እያንዳንዱ ብሮከር የራሱን ዋጋ ያሳያል። የአንዱ ጥላ ከሌላው በጥቂት ፒፕ ሊረዝም ይችላል። ስለዚህ አንዱ ስልክ ላይ ቫሊድ የሆነው ፓተርን ጎረቤት ስልክ ላይ ላይኖር ይችላል። በብሮከር የሚቀያየር ነገር ደግሞ የተፈጥሮ ሕግ ሊባል አይችልም።

«20 ፒፕ ምን አላት?» የሚል ካለ ሌቨሬጅ የምትባለዋን ያስታውስ። 100 ዶላር አስገብተህ በ1:500 ሙሉውን ብትጠቀም የያዝከው የ50,000 ዶላር ንግድ ነው። በ1.10 ዋጋ እያንዳንዷ ፒፕ 4 ዶላር ተኩል ገደማ ናት። 20 ፒፕ ማለት 90 ዶላር ነው። ከመቶው አሥሩ ቀረህ፤ ያውም ብሮከሩ ከዚያ በፊት ካልዘጋብህ። ካልኩሌተሩ ዝም ብሎ ያለፋት የምርጫ ልዩነት አካውንትህን ሙሉ በሙሉ ታህላለች ማለት ነው።

ሁሉን የሚይዝ መረብ

«እሺ ግን በአጋጣሚ 0.618 ላይ ማረፍ ከባድ ነው» ይሉኛል። እስኪ እንቁጠረው።

ካልኩሌተሮቹ ጥቂት መዛነፍ ይፈቅዳሉ፤ ገበያ ማስመሪያ አይደለምና። አምስት በመቶ እንበል። ሸርጣኑ ቢን ከ0.382 እስከ 0.618 ይቀበላል። በመዛነፉ ከ0.363 እስከ 0.649 ሆነ። የሌሊት ወፏና ጋርትሊ እዚሁ ውስጥ ናቸው። ቢራቢሮ 0.786 ነው፤ ከ0.747 እስከ 0.825። «ዲፕ ክራብ» የሚሉት ደግሞ 0.886 ነው፤ ከ0.842 እስከ 0.930። አሁን ከ0.363 እስከ 0.930 ያለውን መንገድ ሁሉ ውሰዱና ስንት እጁ በአንዱ አውሬ እንደተያዘ አስሉ፦ 80 በመቶ። ቢ የትም ብትወድቅ ከአምስቱ ዕድል አራቱ ስም ያገኛል።

«ሲ አለች እኮ! እሷም ትፈተናለች» ትሉኛላችሁ። አዎ፤ የሲ መስፈርት በአብዛኞቹ ፓተርኖች ከ0.382 እስከ 0.886 ነው። ግመል ከነጭነቱ የሚያልፍበት በር ወንፊት አይባልም። ዲስ? ዲ ገና አልመጣችም፤ እሷን የሚነግራችሁ ራሱ ካልኩሌተሩ ነው። ፈተናውን ያወጣው፣ መልሱን የሰጠው፣ ያረመውም አንድ ሰው ሆነ።

በዚህ ላይ ሃያ የገንዘብ ጥንድ ጨምሩ፣ በእያንዳንዱ ላይ ከአምስት ደቂቃ እስከ አንድ ቀን አምስት ዓይነት ቻርት። መቶ ቻርት ሆነ። ከመቶ ቻርት አንድ ቫሊድ ፓተርን ያጣ ትሬደር ካለ ዓይኑን ይታይ።

ይህ አዲስ ትዝብት አይደለም። በ1959 ሃሪ ሮበርትስ የሚባል የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ምሁር በዕጣ ቁጥሮች ብቻ የውሸት የአክሲዮን ቻርት ሠራ። ገበያ የለም፣ ኩባንያ የለም፣ ገዢ ሻጭ የለም፤ ዕጣ ብቻ። የወጣው ሥዕል ግን የእውነተኛ አክሲዮን ቻርት ቁርጥ ነበር፤ ቻርት አንባቢዎች የሚያሳድዷቸው ዓይነት ቅርጾችም ነበሩበት። ዓይናችን ቅርጽ ፈላጊ ነው። ደመና ውስጥ አንበሳ የሚያይ ዓይን ቻርት ውስጥ ሸርጣን ቢያይ አይገርምም። የሚገርመው አንበሳውን የሚለካ ካልኩሌተር ገዝተን «አንበሳው ተረጋግጧል» ማለታችን ነው።

«ግን ሲሠራ አይቻለሁ!»

ይህ በጣም የተለመደው መልስ ስለሆነ በክብር እንመልሰው።

አይተሃል፤ አላየህም አልልም። ጥያቄው ስንት ጊዜ ሳይሠራ ቀርቶ አላየኸውም ነው። ቴሌግራም ላይ የሚለጠፈው ዲ ላይ የዞረው ቻርት ነው። ዲን ጥሶ ያለፈውን ማንም አይለጥፈውም። እንዲያውም ጥሶ ሲያልፍ ስሙ ይለወጣል፦ 0.786 ላይ ያልቆመ ጋርትሊ 0.886 ላይ «የሌሊት ወፍ ነበር ለካ» ይባላል፤ እዚያም ካልቆመ «ሸርጣን እየሆነ ነው» ይባላል። ሞቶ የማይቀበር ትንበያ ማለት ይህ ነው።

«ከ30 ትሬድ 18ቱን አሸንፌአለሁ፤ 60 በመቶ!» የሚልም አለ። ሳንቲም 30 ጊዜ ወርውሩ። 18 ጊዜና ከዚያ በላይ አንበሳው የመውጣት ዕድሉ 18 በመቶ ነው። ከአምስት ወይም ከስድስት ሳንቲም ወርዋሪ አንዱ ይህን ውጤት ያመጣል ማለት ነው። አንድ ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ስድስት መቶ ልጅ ካለ መቶ ያህሉ በባዶ ሜዳ «ስትራቴጂዬ ይሠራል» ብለው ይምላሉ። መሐላቸው የልብ ነው፤ አልዋሹም። ሳንቲሙ ነው የሸወዳቸው።

ለተቃራኒዬም የሚገባውን ልስጥ። ቻርት ማንበብ ሁሉ ባዶ ነው አልልም። ካሮል ኦስለር በ2000 በኒውዮርክ ፌደራል ሪዘርቭ ባንክ መጽሔት ላይ ባወጣችው ጥናት፣ የምንዛሪ ድርጅቶች ለደንበኞቻቸው የሚያወጧቸው «ድጋፍና እንቅፋት» የሚባሉ ዋጋዎች የቀን ውስጥ ጉዞን በመግታት በዘፈቀደ ከተመረጡ ዋጋዎች የተሻሉ ሆነው ተገኝተዋል። አንዱ ማብራሪያም አስማት የለበትም፦ ሰዎች የግዛና የሽጥ ትእዛዝ በድፍን ቁጥሮች ላይ ያከማቻሉ። እዚያ ክምር ትእዛዝ ስላለ ዋጋው ይንተፋተፋል። ይህ ምክንያት ነው፤ ሊፈተሽ ይችላል። የቢራቢሮው ክንፍ 1.27 ላይ ለምን ዋጋ እንደሚያዞር ግን ምክንያት ንገሩኝ ስል የማገኘው መልስ «ወርቃማ ምጣኔ፣ የሱፍ አበባ፣ ቀንድ አውጣ» ነው። አቦ! ቀንድ አውጣ መቼ ነው ዶላር የገዛው?

ዋጋ ምክንያት አለው፤ ይህን ቦርደዴ ታውቃለች

የሚያሳዝነኝ እዚህ ጋ ነው። ቦርደዴ የሚኖር አንድ የማውቀው ልጅ ስክሪንሾት ላከልኝ። አረንጓዴ ምልክት፣ «ባት፣ ቫሊድ» የሚል። ከሥሩ «አባባን ሁለት ፍየል ሸጦ እንዲሰጠኝ እያስማማሁት ነው» የሚል መልእክት።

ይህ ልጅ ፍየል ያውቃል። ገበያ ላይ ወገቡን ጨብጦ ሥጋውን፣ ጥርሱን ፈልቅቆ ዕድሜውን ይናገራል። ለአረፋ ዋጋ ለምን እንደሚወጣ፣ ለፋሲካ ከመሀል አገር የሚመጣ ነጋዴ ስንት ቀን ቀድሞ እንደሚደርስ፣ ዝናብ ሲቀር ምን እንደሚሆን ያውቃል። በ2015 በኤልኒኞ ድርቅ ጊዜ ሐረርጌ ያየውን የሰማ ሰው ነው፦ መኖ ሲጠፋ ከብት ይከሳል፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሊሸጥ ይወጣል፣ የከብት ዋጋ ይወርዳል፣ የእህል ዋጋ ደግሞ ይወጣል። ይህ ትምህርት ነው። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስም አውጥተው ያስተምሩታል። ልጁ ግን ይህን ሁሉ «የገጠር ወሬ» አድርጎ፣ ምክንያቱን የማያውቀውን ዋጋ በአምስት ነጥብ ሊይዝ ወጣ።

ጫትን እዩ። ከተቆረጠ በኋላ ሰዓት እየቆጠረ የሚረክስ ሸቀጥ ነው። ዝናብ ሲበዛ ቅጠሉ ይበዛል፣ ዋጋው ይወርዳል። በጋ ሲሆን ይወደዳል። መንገድ ሲዘጋ እዚያው ይጠወልጋል። ሂርናና ገለምሶ ላይ ያለ ነጋዴ የነገን ዋጋ ሲገምት ሰማይ ያያል፣ ሾፌር ይደውላል። ማስመሪያ አያወጣም።

ቡናን እዩ። በ1989 የዓለም አቀፉ የቡና ስምምነት ኮታ ፈረሰ፤ ዋጋው ተንኮታኮተ። ብራዚል ምርቷን ስትጨምር፣ ቬትናም ስትመጣ ደግሞ በ2001 መጨረሻ የኒውዮርክ ዋጋ በፓውንድ ከ50 ሳንቲም በታች ወረደ። የሐረርጌ ገበሬ ቡናውን ነቅሎ ጫት ተከለ። ከዚያ በተቃራኒው ብራዚልን ድርቅ ሲመታት በ2025 የካቲት ላይ ዋጋው ከ4 ዶላር በላይ ወጥቶ ክብረ ወሰን ሰበረ። ስምምነት፣ ምርት፣ ድርቅ። ምክንያት፣ ምክንያት፣ ምክንያት።

የራሳችንን ብር እዩ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 በእኛ አቆጣጠር ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ለቀቀ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ አንድ ዶላር የሚገዛበት ዋጋ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በአንድ ቀን ከ74 ብር በላይ ሆነ። ይህን ቀን የትኛው ሸርጣን ተናገረው? ውሳኔው ከአይኤምኤፍ ጋር ሲደረግ በነበረው ድርድር ውስጥ ነበር፤ ጋዜጣ የሚያነብ ሰው ሲሸተው ከርሟል።

«ብር ሌላ ነው፣ ነፃ ገበያ አይደለም» ለሚል ስዊዘርላንድ ትቅረብ። ጥር 15 ቀን 2015 የስዊዘርላንድ ማዕከላዊ ባንክ ዩሮ ከ1.20 ፍራንክ በታች እንዳይወርድ ይዞት የነበረውን ወለል በድንገት አነሳ። ዩሮ በደቂቃዎች ውስጥ ከአንድ ፍራንክ በታች ወረደ። ስቶፕ ሎስ ያስቀመጡ ሰዎች ትእዛዛቸው በዚያ ዋጋ ገዢ አላገኘም። አልፓሪ ዩኬ የተባለው ብሮከር ከሰረ፤ ኤፍኤክስሲኤም ደንበኞቹ 225 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ዕዳ ውስጥ መግባታቸውን አስታወቀ። ያን ጠዋት ቫሊድ የነበሩ ፓተርኖች ሁሉ ከነአረንጓዴ ምልክታቸው ሰመጡ።

ከአረንጓዴዋ ምልክት ጀርባ

ካልኩሌተሩ ለምን ነፃ ሆነ? ደግ ሰው ስለበዛ? አንዳንዱ አዎ፤ ለፍቅሩ የሠራው አለ። ብዙ ጊዜ ግን ከሥሩ ሊንክ አለ፦ «በዚህ ተመዝገቡ»። በዚያ ሊንክ የገባ ሰው በነገደ ቁጥር ላኪው ኮሚሽን ያገኛል፤ ብታተርፍም ብትከስርም። ስለዚህ ለእሱ ጥሩ መሣሪያ ማለት ትክክለኛው መሣሪያ አይደለም። ደጋግሞ «ግባ» የሚልህ መሣሪያ ነው። ከአምስት አራቱን ስም የሚሰጥ መረብ ለምን እንደሚወደድ አሁን ገባችሁ?

ብሮከሩስ? ብዙዎቹ ከእኛ አገር ልጅ ጋር የሚዋዋሉት በደሴት አገሮች በተመዘገበ ስማቸው ነው። ከእነዚህ ደሴቶች አንዷ የሆነችው የሴንት ቪንሰንት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ራሱ ለፎሬክስ ብሮከር ፈቃድ እንደማይሰጥ አስታውቋል። እዚህ ደግሞ ገንዘቡ የሚወጣው ብዙ ጊዜ በዩኤስዲቲ ነው፤ ብሔራዊ ባንክ በ2022 በክሪፕቶ መገበያየት ሕጋዊ አለመሆኑን አስጠንቅቆ ነበር። ገንዘብህ ቢቀር ክስህን ለማን ታቀርባለህ? ለቢራቢሮዋ?

አሸናፊዎቹስ ስንት ናቸው? የአውሮፓው የገበያ ተቆጣጣሪ ኤስማ በ2018 እንዳሳወቀው በእንዲህ ዓይነቱ በብድር የሚነገድ ንግድ ከግለሰብ አካውንቶች ከ74 እስከ 89 በመቶው ይከስራሉ። ብራዚላውያን ተመራማሪዎች ከ2013 እስከ 2015 የቀን ትሬዲንግ የጀመሩ ሰዎችን ተከታትለው ነበር፤ ከ300 ቀን በላይ ከዘለቁት 97 በመቶው ከስረዋል። ከአገሪቱ ዝቅተኛ ደመወዝ በላይ ያገኙት 1.1 በመቶ ናቸው። ያቋረጡት ሰነፎች አይደሉም እነዚህ፤ የዘለቁት ናቸው። «ትዕግሥት ብቻ ነው የሚያስፈልገው» የሚል አሠልጣኝ ሲገጥማችሁ ይህችን ቁጥር አቅርቡለት።

ማረጋገጥ ማለት እንዲህ ነው

«ታዲያ ምን እናድርግ?» ተብሎ እንደሚጠየቅ አውቃለሁ። ተቺ ብቻ ነህ እንዳልባል መንገዱን ላሳይ። ወጪው አንድ ደብተርና እስክሪብቶ ነው።

አንድ፦ ሕጉን አስቀድመህ ጻፍ። ኤክስን ከጥላ ነው ከገላ የምትለካው? መዛነፉ ስንት ነው? የት ትገባለህ፣ የት ትወጣለህ? ከጻፍክ በኋላ መለወጥ ክልክል ነው።

ሁለት፦ ያለ ገንዘብ አንድ መቶ ፓተርን መዝግብ። ዲ ከመድረሷ በፊት ነው የምትመዘግበው። ከደረሰች በኋላ የተጻፈ ትንበያ ታሪክ ይባላል። ስም የቀየረውን ሁሉ እንደከሰረ ቁጠረው።

ሦስት፦ ስፕሬድ ቀንስ። ለ20 ፒፕ ትርፍ 20 ፒፕ የምታስይዝ ከሆነና ብሮከሩ 2 ፒፕ ከወሰደ፣ ስታሸንፍ 18 ታገኛለህ፣ ስትሸነፍ 22 ታጣለህ። ሳትከስር ለመቆም ብቻ ከመቶ 55ቱን ማሸነፍ አለብህ። 52 ያሸነፈ ሰው ይፎክራል፤ አካውንቱ ግን እየቀለጠ ነው።

አራት፦ ከሳንቲም ጋር አወዳድር። በዚያው ቻርት ላይ ካልኩሌተሩን ትተህ በዕጣ የመረጥከው ዋጋ ላይ «ግባ» በል፤ ያንኑ ስቶፕ፣ ያንኑ ዒላማ። ካልኩሌተሩ ዕጣውን በግልጽ ካልበለጠው ምን እየከፈልክ ነው?

ይህን ጨርሶ ከመቶ 65 ያመጣ ልጅ ካለ ደብተሩን ያሳየኝ፤ ኮፍያዬን አነሳለታለሁ። እስካሁን ግን ብዙ ስክሪንሾት እንጂ አንድ ደብተር አላየሁም። ደብተሩ ሲሞላ ደግሞ ብዙው ሰው ፍየሉን እንደማይሸጥ እገምታለሁ። ያ ራሱ ትርፍ ነው፤ በማንም ቴሌግራም ላይ የማይለጠፍ ትርፍ።

ካልኩሌተሩን አትጣሉት። ሚዛን ነው። ሚዛን የፍየሉን ኪሎ በትክክል ይነግርሃል፤ ለአረፋ ዋጋው ይወጣ እንደሆነ ግን አይነግርህም፣ የታመመም እንደሆነ አይነግርህም፣ የተሰረቀም እንደሆነ አይነግርህም። በገበያ ቀን ሚዛን ተሸክሞ የሚመጣ ሰው «የነገውን ዋጋ አረጋግጬአለሁ» ቢል እናቶቻችን ይስቁበት ነበር። ያው ሰው ሚዛኑን ስልክ ውስጥ ከቶ አረንጓዴ መብራት ሲያደርግለት ለምን እናጨበጭባለን?

ቸር እንሰንብት።